የዕድሩ ሣጥንና የሰፈሩ ሣጥን

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለ ዕድር ሰብሳቢ ነኝ። አንድ የአካባቢ ፋውንዴሽን የሰፈር የጋራ ፈንድ እያቋቋመ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን፣ ኤልሳልቫዶራውያን፣ ቬትናማውያንና ነጮች ገብተውበታል። ገንዘቡ የቤት ኪራይ ላቃተው ቤተሰብና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለልጆች ማስጠኛ ይውላል ተብሏል። እኛም በየዓመቱ አዋጥተን እንድንገባ ጠይቀውናል። ከአባሎቻችን ግማሹ «ለራሳችን ሰው መች ደረስንለትና ነው ለሌላው? ገንዘባችን ይበተናል» ይላል። የቀረው እንግባ ይላል። እውነት የተለያየ ዘር ያለው ሕዝብ አብሮ ሲሰጥ ችግር የሚፈታው የተሻለ ሆኖ ነው? ወይስ ለፎቶ ነው የሚፈልጉን?

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ ሰብሳቢ። እኔ ለእንዲህ ዓይነት ፈንዶች የሚቀርቡ ማመልከቻዎችን በሚያይ ኮሚቴ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ የሁለቱንም ወገን ክርክር በሥራዬ አይቼዋለሁ። መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ይግቡ። ግን የዕድሩን ሣጥን ከሰፈሩ ሣጥን አይቀላቅሉ፣ ድምፅ ሳይሰጣችሁም አይግቡ።

«ይበተናል» የሚሉት አባላት የያዙትን እውነት ላስቀድም። ዕድር ቃል የተገባበት ገንዘብ ነው። አባሉ በየወሩ የሚከፍለው ሰው ሲሞትበት አስከሬኑ አገር ቤት እንዲደርስለት፣ ለቅሶ ቤቱ እንዳይጎድል ነው። ያንን ገንዘብ ለኪራይ ድጋፍ ማዋል አደራ መብላት ነው። በአሜሪካ የግብር ሕግም ቢሆን አባላቱን ብቻ የሚረዳ ማኅበርና 501ሲ3 የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት አንድ አይደሉም፤ ለአባላት ብቻ በሚከፍል ሣጥን ውስጥ የገባ መዋጮ ከግብር አይቀነስም። ስለዚህ ለሰፈሩ ፈንድ የሚሰጠው ከዕድሩ ተቀማጭ ሳይሆን ወዶ ከሚሰጥ ሰው፣ በሌላ ደረሰኝ፣ በሌላ ሂሳብ ይሰብሰብ። ይህ ብቻ በጠቅላላ ጉባኤ ቢጸድቅ ከተቃዋሚዎቹ ግማሹ የሚበርድ ይመስለኛል። የሚፈሩት ለጎረቤት መስጠትን ሳይሆን የዕድራቸው መነካትን ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። የተለያየ ዘር ያለው ሕዝብ አብሮ ሲሰጥ በእርግጥ የሚለወጥ ነገር አለ?

አንድ ማታ ኮሚቴያችን የኪራይ ድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ ለማጽደቅ ተቀምጦ ነበር። ቅጹን ያዘጋጁት ቅን ሰዎች ናቸው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ በአመልካቹ ስም የተጻፈ የኪራይ ውልና የቅርብ ጊዜ ፔይ ስታብ፣ ማለት አሠሪ የሚሰጠው የደመወዝ ወረቀት። አሥር ሰው አንብቦ አለፈው። እኔም አልፌዋለሁ። ከዚያ ከኤልሳልቫዶር የመጣች አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እጇን አወጣችና «በእኛ ሕንፃ ውል በስሙ ያለው ከሦስት ቤተሰብ አንዱ ነው፤ ሁለቱ ክፍል ነው የሚከራዩት» አለች። ከጎኗ የነበረው የእኛ አገር ሰው፣ ታክሲ የሚነዳ፣ «እኔስ ፔይ ስታብ ከየት አመጣለሁ?» አለ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ጥቁር አሜሪካዊት ደግሞ ወደ ማመልከቻው መጨረሻ ገለጥ አድርገው፣ ገንዘቡ የሚለቀቀው በ30 ቀን መሆኑን አሳዩን። የፍርድ ቤት የማስወጣት ወረቀት በር ላይ ከተለጠፈ በኋላ 30 ቀን የሚጠብቅ አከራይ እሳቸው አይተው እንደማያውቁ ነገሩን። ልጃቸው እንዲህ ከቤት ወጥታ ነበር።

በዚያ ማታ ቅጹ ተቀየረ። የዋናው ተከራይ ደብዳቤ ከውል እኩል ተቆጠረ፤ የባንክ ወረቀት በፔይ ስታብ ቦታ ገባ፤ አስቸኳይ ለሆነው ጉዳይ ሁለት ሰው ፈርሞ በሦስት ቀን እንዲከፈል ተወሰነ። በፈንዱ ላይ አንድ ዶላር አልተጨመረም። ያው ገንዘብ ግን ቀድሞ ወደማይደርስበት ቤት ደረሰ።

በዘር የተለያየ ኮሚቴ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የቆዳ ቀለም በራሱ ጥበብ አይሰጥም። ሰው በተለያየ መንገድ ሲመጣ ግን የተለያየ እንቅፋት መትቶት ይመጣል፤ በዚህ አገር ደግሞ የምትኖርበት ሰፈር፣ የምትሠራው ሥራ፣ ባንክ የሚያይህ ዓይን ከዘር ጋር ተቆራኝቶ የኖረ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሰው የሆነበት ኮሚቴ ያላየውን እንቅፋት ሊያነሳ አይችልም። እዚህ ላይ ደግሞ ገንዘቡ ከአካባቢው መሆኑ ሌላ ነገር ይጨምራል፤ ቅጹ ሲበላሽ የተጎዳበት ሰው በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ያገኝሃል።

ከታሪክ አንድ ከተማ ልጥቀስልዎ፣ ፊላደልፊያን (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2020 ኮቪድ ሲገባ በከተማዋ ጥቁሮች በብዛት እየሞቱ፣ ምርመራ የሚያገኙት ግን ጥቂት ነበሩ። የመመርመሪያ ጣቢያዎቹ የሐኪም ማዘዣ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በመኪና ተሂዶ የሚገባባቸው ናቸው። መኪናም የቤተሰብ ሐኪምም የሌለው ሰው ምን ያድርግ? የሕፃናት ቀዶ ሐኪም የሆኑት ዶክተር አላ ስታንፎርድ ከራሳቸው ኪስ አውጥተው፣ መኪና ተከራይተው፣ በጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት የመኪና ማቆሚያ ላይ ያለ ማዘዣ መመርመር ጀመሩ። መዋጮው ከዚያ በኋላ ተከተለ። ከተማዋ የሕክምና ዕውቀትም የመመርመሪያ ዕቃም አልጎደላትም። እናቶች ያለ ፍርሃት ተራ የሚይዙት የትኛው ግቢ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነበር የጎደላት።

በዚያው ከተማ በ1793 ቢጫ ወባ ገብቶ ከ50,000 ገደማ ሕዝብ ወደ 5,000 የሚሆነውን ጨርሷል። ከስድስት ዓመት በፊት ሪቻርድ አለንና አብሳሎም ጆንስ ነፃ የአፍሪካውያን ማኅበር የሚባል አቋቁመው ነበር። አሠራሩን ቢያዩት ዕድር ነው ይላሉ፤ በየወሩ መዋጮ፣ ለታመመ፣ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ። ሐኪሙ ቤንጃሚን ረሽ ጥቁሮችን በሽታው አይዛቸውም ብሎ በስህተት አምኖ እንዲረዱ ጠየቃቸው። ማኅበርተኞቹ ገቡበት፤ ነጮቹን በሽተኞች አስታመሙ፣ ሬሳ አነሱ፣ እነሱም አብረው ሞቱ። ወረርሽኙ ሲያልፍ አንድ አሳታሚ ጥቁሮች በበሽተኛው ላይ ተጠቅመዋል ብሎ ጻፈባቸው። አለንና ጆንስ በ1794 ባሳተሙት መልስ የተቀበሉትንና ያወጡትን ገንዘብ በዝርዝር አስቀመጡ፤ ካገኙት ይልቅ ያወጡት በልጦ ነበር። ለገንዘብ ያዣችሁ ይህን ታሪክ ይንገሩልኝ። ከሌላ ሕዝብ ጋር ስትሠሩ ሂሳባችሁ ከማንም ይበልጥ የጠራ ይሁን፤ አንድ ቀን እንደ እነሱ ደብተሩን ማውጣት ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።

የሁሉም ምሳሌ አድርጌ የማየው ግን የሮዘንዋልድ ትምህርት ቤቶችን ነው፤ እናንተ ከተጠየቃችሁት ነገር ጋር በጣም ይቀራረባልና በዝርዝር ልንገርዎ።

ጁልየስ ሮዘንዋልድ የቺካጎ ነጋዴ ነበር፤ ከጀርመን ከመጡ አይሁድ የተወለደ፣ ሲርስ ሮበክ የሚባለውን የንግድ ድርጅት የሚመራ። በ1911 በባርነት ከተወለደው የአላባማው መምህር ከቡከር ዋሽንግተን ጋር ተዋወቁ። ያኔ በደቡቡ ክፍል ለጥቁር ልጆች የሚመደበው የትምህርት በጀት ከነጮቹ ጋር ጨርሶ የሚነጻጸር አልነበረም፤ ብዙዎቹ የሚማሩት በዛፍ ጥላ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም ጣሪያው በሚያፈስ ጎጆ ነበር። በ1912 ሮዘንዋልድ 50 ዓመት ሲሞላው ለዋሽንግተን ትምህርት ቤት ለተስኪጊ 25,000 ዶላር ሰጠ። ከዚያ ላይ የተረፈችው ትንሽ ገንዘብ በአላባማ ገጠር ስድስት ትምህርት ቤት ለመሥራት እንድትውል ዋሽንግተን ጠየቀ። የጀመረው እንዲህ ነው። በ1932 ሲያበቃ በ15 ክፍላተ አገር፣ የመምህራን ቤትና የሙያ ማሠልጠኛ ሳይቀር፣ 5,357 ሕንፃ ቆሞ ነበር።

ጥበቡ በውሉ ላይ ነው። ሮዘንዋልድ የሚሰጠው ከወጪው ከፊሉን ብቻ ነው። መንደሩ በጥሬ ገንዘብ፣ በመሬት፣ በእንጨት ወይም በጉልበት የራሱን ድርሻ ማውጣት አለበት፤ የካውንቲው የትምህርት ቦርድም ሕንፃውን ተረክቦ መምህር እንዲቀጥር ይገደዳል። ጥቁር ገበሬዎች ከጥጥ ማሳቸው አንድ ቁራጭ ለትምህርት ቤቱ ለይተው ያርሱ ነበር። ሴቶቹ ዶሮና እንቁላል ሸጠው፣ እራት አዘጋጅተው ለጨረታ አቅርበው ሰበሰቡ። በአላባማ ግሪን ካውንቲ አንድ በባርነት የተወለደ ሽማግሌ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀማትን 38 ዶላር በአሮጌ ከረጢት ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሳት፤ የልጅ ልጆቹ ልጆች ዕድል እንዲያገኙ ብሎ።

ከጠቅላላው 28.4 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ ሮዘንዋልድ 4.3 ሚሊዮን ሲሰጥ፣ ጥቁሮቹ መንደርተኞች 4.7 ሚሊዮን አዋጥተዋል። በዚያ ዘመን የሀብታም ድርጅት መሪ ከሰጠው ድሃ የጥጥ ገበሬ የሰጠው በለጠ ማለት ነው። ነጭ ጎረቤቶች 1.2 ሚሊዮን ገደማ ጨመሩ፤ የቀረው ከመንግሥት ግብር ነው። የሕንፃዎቹ ንድፍ መጀመሪያ ከተስኪጊ የወጣ ነበር፤ ከንድፍ አውጪዎቹ አንዱ ሮበርት ቴይለር በኤምአይቲ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። መብራት ስለሌለ መስኮቶቹ ረጃጅም ሆነው በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ብርሃን እንዲያስገቡ ተደረገ። የገጠርን ትምህርት ቤት የሚያውቅ ሰው ነው ይህን የሚያስበው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሁለት የቺካጎ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ኢኮኖሚስቶች መረጃውን መርምረው፣ በዚያ ዘመን በተወለዱ የደቡብ ጥቁሮችና ነጮች መካከል የነበረውን የትምህርት ልዩነት ለማጥበብ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው አሳይተዋል። የምክር ቤት አባል የነበሩት ጆን ሉዊስ ከእነዚህ በአንዱ የተማሩ ናቸው።

ጉድለቱንም አልደብቅም። ጥቁሮቹ ግብር ከፍለው ሳለ ለዚያው ትምህርት ቤት ደግመው እንዲያዋጡ ተደርገዋል፤ ሁለት ጊዜ ተቀረጡ ማለት ነው። ከ1920 ጀምሮም አስተዳደሩ ከተስኪጊ እጅ ወጥቶ ናሽቪል ላይ በነጭ ኃላፊ ሥር ሆነ። የዘር መለያየቱ ሕግም አልተነካም። አብሮ መስጠት ፍትሕን አይተካም። አንዳንድ ሰው ፈንዱ ካለ ካውንቲው ይረፍ ይላል፤ ይህን ሲሰሙ ሰብሳቢ፣ ይቃወሙ። የሮዘንዋልድ ውል መንግሥትን አስገድዶ አስገባ እንጂ አላሳረፈውም። የሰፈራችሁ ፈንድም ካውንቲውን በወረቀት እንዲያስገድድ አድርጉ።

«ሰዎቹ አይተማመኑም» የሚለው ሥጋት ባዶ አይደለም። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ሮበርት ፑትናም በ2007 ባወጡት ጥናት ወደ 30,000 አሜሪካውያንን ጠይቀው፣ ዘር በበዛበት ሰፈር ሰው ጎረቤቱን፣ የራሱን ዘር እንኳ፣ አነስ አድርጎ እንደሚያምን አግኝተዋል። በ2015 ያንኑ መረጃ ደግመው ያዩ ሁለት ተመራማሪዎች ደግሞ ልዩነቱ በአብዛኛው ከድህነትና ከኑሮ አለመርጋት የሚመጣ ነው ብለው ተከራከሩ። እኔ በሥራዬ ያየሁት ሁለቱንም ነው። ሰው ስለተጎራበተ ብቻ አይተማመንም፤ የሚያስተማምነው አብሮ አንድ ሥራ ይዞ፣ ቀን ቆርጦ፣ ሂሳብ መተማመን ነው።

ይህን ደግሞ እኛ ከማንም አንማረውም። አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ በትውልድ አካባቢ የተሰባሰበው ዕድር ኋላ የሰፈር ዕድር ሆኖ፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግሬው፣ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ድንኳን ሥር ተቀመጡ። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ በየድስቱ ይሠራል፤ ወንበሩና ድንኳኑ ግን የጋራ ነው። ኤችአይቪ ሲገባ ብዙ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ሕመምተኛ መጦርና ወላጅ አልባ ልጅ ማሳደግ ጀመሩ። ለዚያ ያበቃቸው መተማመን የመጣው በየወሩ ከተዋጣው ብርና ከተነበበው ቃለ ጉባኤ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የተጠየቃችሁት ያንኑ አንድ እርምጃ ማስፋት ነው።

በቅርባችሁ ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ አርሊንግተን አለ። በ1983 በዶክተር ጸሐዬ ተፈራ የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ ልማት ካውንስል የተጀመረው በስማችን ነው፤ ኋላ ግን ከመላው ዓለም የሚመጡ ስደተኞችን ከሚያሰፍሩት ብሔራዊ ድርጅቶች አንዱ ሆነ። በራችንን ለሌላ ስንከፍት የራሳችን ቤት አልጠበበም።

አንዳንድ አባሎቻችሁ በጓዳ የሚሉትን እኔ በግልጽ ልበለው፤ «ጥቁር አሜሪካውያን ለእኛ ምን አደረጉልን?» ይባላል። በ1935 ጣሊያን አገራችንን ሲወር ድህነቱ ባየለበት ዘመን የኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር የሃርለም ሕዝብ ሳንቲም አዋጥቷል፤ የሕክምና ዕቃ ተልኮልናል። የቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ አየር ኃይላችንን መርቷል። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲያቋቁሙ ከጎናቸው የቆሙት እነሱ ናቸው። በ1965 የወጣውና ለአፍሪካውያን በር የከፈተው የኢሚግሬሽን ሕግም የመጣው በሲቪል መብት ትግሉ ማግሥት ነው። የምንኖርበትን አገር በር ከከፈቱልን ሰዎች ጋር ነው አሁን በአንድ ጠረጴዛ እንድትቀመጡ የተጠየቃችሁት።

አሁን ስለ ውሉ። የፎቶ ጉዳይ ያነሱት በእውነት ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ለምረቃ ጠርተውኝ በአገር ልብስ ከፊት ረድፍ አስቀመጡኝ፤ ፎቶው ወጣ። ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ የተወሰነበት ስብሰባ ግን ሳልጠራ አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማንንም ፈንድ ሰነድ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ድምፅ የሚለውን ቃል ነው። ስንት መቀመጫ አለ? ለማን? የሚሰጠው ገንዘብ የሚወሰነው በኮሚቴው ነው ወይስ ኮሚቴው ያማክራል ብቻ? «ያማክራል» ካለ አትፈርሙ፤ እንዲቀየር ጠይቁ። መቀመጫ በሰጡት ገንዘብ መጠን ከተደለደለም እምቢ በሉ፤ በሮዘንዋልድ ሥርዓት 38 ዶላሩ እንደ ድርሻ ተቆጥሯልና።

ስብሰባው በየትኛው ቋንቋና በስንት ሰዓት እንደሚደረግ አስጽፉ። ማክሰኞ ጠዋት በአሜሪካ አቆጣጠር 10 ሰዓት ላይ ከተደረገ የእናንተ ሰው ሥራ ላይ ነው። አስተርጓሚ ከፈንዱ ወጪ ይሁን።

ሕጉን በሚመለከት አንድ ጥንቃቄ አለ። አትላንታ ያለ አንድ ፈንድ ለጥቁር ሴት ነጋዴዎች ብቻ የሚሰጠውን ገንዘብ የይግባኝ ፍርድ ቤት በሰኔ 2024 አግዶታል፤ የተጠቀሰበት የ1866ቱ የሲቪል መብት ሕግ ነው። ስለዚህ «ለኢትዮጵያውያን ብቻ» ወይም «ለእገሌ ዘር ብቻ» የሚል መስፈርት አታስገቡ። በገቢና በመኖሪያ ሰፈር ለዩት፤ ያ ራሱ የእናንተን ሰው ያካትታል። ኮሚቴው ከሰፈሩ ሰው ይመረጥ፤ ወረቀቱ በሰፈሩ ቋንቋዎች ሁሉ ይተርጎም።

የራሳችሁ 501ሲ3 ከሌላችሁ ለዚህ ብላችሁ አትቸኩሉ። ፊስካል ስፖንሰር የሚባል አሠራር አለ፤ ፈቃድ ያለው ድርጅት ገንዘቡን ተቀብሎ ይይዝላችኋል፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይወስዳል። ምናልባት ፋውንዴሽኑ ራሱ ይህን ያደርግ ይሆናል፤ ጠይቁት።

የአንድ ዓመት ቃል ብቻ ግቡ። በዓመቱ መጨረሻ ከየትኛው ሕንፃ ስንት ቤተሰብ እንደተረዳ፣ ስንት ማመልከቻ እንደተመለሰና ለምን እንደተመለሰ በጽሑፍ ይቅረብላችሁ። ከተመለሱት ውስጥ የእኛ አገር ሰዎች ከበዙ ቅጹን ይዛችሁ ከኤልሳልቫዶራውያኑ ጋር ተቀመጡ፤ የእነሱም ማመልከቻ በዚያው መስመር ላይ ወድቆ ታገኙታላችሁ ብዬ እገምታለሁ።

ለጉባኤው የሚቀርበውን የውሳኔ ሐሳብ ሲያዘጋጁ ረቂቁን ቢልኩልኝ አይቼ አስተያየቴን እጽፍልዎታለሁ።